ትርፉ ፔዳል

ሴትዮዋ የገዛቻት አሮጌ መኪና ቀድሞ የመንጃ ትምህርት ቤት ንብረት ነበረች፤ በአስተማሪው ወንበር በኩልም ፍሪሲዮንና ፍሬን አላት። አንዱ ሲረገጥ ወዲያኛው አብሮ ይወርዳል።

አንድ ቀን ዳገት መሀል አንደኛ ማርሽ እምቢ አለ። ፍሪሲዮኑን ስትረግጠው ከታች መልሶ ይገፋታል።

«እግርሽን ከፔዳሉ ሥር አውጪ!» ብላ አጠገቧ በተቀመጠችው በባሏ እህት ላይ ጮኸች።

«እግሬን ሰብስቤ ነው የተቀመጥኩት! መንዳቱ ካልሆነልሽ ቁልፉን ለወንድሜ ስጪው!»

«ውረጂልኝ! መሬት ይዋጥሽ!»

የባሏ እህት እየተራገመች ወረደችና፣ መኪናዋ እንዳትንሸራተት ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ልታደርግ አጎነበሰች።

ያኔ በባዶው ወንበር በኩል ያለው ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ ወረደ። የሴትዮዋም አብሮ ወረደ። ማርሹ እጇ ውስጥ ተንቀሳቀሰና የኋላ ማርሽ ገባ።

«ተነሺ ከዚያ!» ብላ ጮኸች፤ መስኮቱ ግን ዝግ ነበር። የረገጠችው ፍሬን እግሯን ከታች ወደ ላይ ይገፋው ጀመር።