ባለነጥቡ ጨ

አፊፋ ንጋቷን ከመጀመሪያውም አልወደደቻትም።

ንጋቷ ለመሠረተ ትምህርት ከደብረ ብርሃን ተልካ፣ ከአልዩ አምባ አለፍ ብሎ ወዳለው መንደራቸው የመጣች አስተማሪ ናት። ፊደል አስተምሪ ብለው ቢልኳት የሰው ፊደል ካልተማርኩ አለች። የአፊፋ አባት ሼህ ዘይኑልአቢዲን መንዙማ በአማርኛ ይገጥማሉ፣ በዓረብ ሆሄ ይጽፋሉ። ልጅቷ ከክፍል ስትወጣ እሳቸው ዘንድ ቁጭ ነው።

«ዓረብኛ ጨ የለውም አይደል? ታዲያ እንዴት ይጽፉታል?»

«የጎደለንን ከነሱ ፊደል እንዋሳለን፤ ነጥብ እንጨምርና የኛ ይሆናል» አሉና በሰሌዳቸው ላይ ጽፈው አሳዩዋት።

ወንድሟ ዓወል ለውትድርና ከታፈሰ ወዲህ አባቷ እንዲህ አፋቸውን ፈትተው ሲያወሩ አፊፋ ሰምታ አታውቅም። ለገዛ ልጃቸው የነፈጉትን ቃል ለእንግዳ ሰጡ። ይህም አንገበገባት።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሼሁ ለሱብሂ ሰላት ሲነሡ እንስራው ውስጥ የነበረውን ውሃ ሁሉ ለውዱእ ሲታጠቡ ጨረሱት። አፊፋ እያጉረመረመች ወንዝ ወረደች። ስትመለስ ሰው የቀበሌውን ግድግዳ ከቦታል። በከሰል፣ በዓረብ ሆሄ ተጽፎበታል። ሊቀመንበሩ ይሁኔ ማንበብ ስለማይችል አንድ ነጋዴ ጎትቶ አስነበበ። ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበው። ነገሩ አማርኛ ነበር፦ «ልጆቻችንን አትጨርሱ።»

ሼሁን ወዲያው አሰሯቸው። አልተከራከሩም። ጫማቸውን አጠለቁና «ልጄ፣ ማንንም እንዳትወነጅዪ» ብለዋት ሄዱ። አፊፋ በገነች። ዝምታ ለወልይ ይሆን ይሆናል፤ ለእስረኛ ግን አይበጅም። እስረኛ የሚጭነው መኪና ቅዳሜ ይመጣል፤ በሱ ሄዶ የተመለሰ የለም።

ንጋቷን ከክፍሉ ደጃፍ አገኘቻት።

«አባቴን ያስበላሻቸው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«ጨ እንዴት ይጻፋል ብለሽ አልጠየቅሽም? ግድግዳው ላይ ሄደሽ እዪው። ነጥቡ አባቴ ያሳዩሽ ነው።»

«ማወቅ ፈልጌ ነው እኮ፣ አፊፋ። ሼህ ዘይኑን እኔ እንደ አባቴ...»

«ስማቸውን አትጥሪ።»

ከዚያ በቀጥታ ይሁኔ ዘንድ ገባች።

«አስተማሪዋ ከሰል ይዛ ስትጽፍ አይቻለሁ» አለች።

አላየችም። ምላሷ ግን አልተደናቀፈም። ልቧ ያወቀውን ዓይኗ ባያይስ ምን ይጎድላል?

«ትምያለሽ?»

«ወላሂ።»

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ንጋቷን ጭኖ አቀበቱን ወጣ። ጣቶቿ ላይ የጠመኔው ብናኝ ገና አልለቀቀም ነበር። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። አፊፋ ግን ቀና ብላ አየቻት፤ አላዘነችም። የእጇን አገኘች ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

እኩለ ቀን ላይ ሼሁ መጡ። ከስተዋል። አፊፋ በደስታ እያለቀሰች ለብ ያለ ውሃ አቀረበችና እግራቸውን ታጥብ ጀመር።

«እንዴት ለቀቁኝ? የነገረኝ የለም» አሉ።

«የጻፈችው ተያዘቻ፣ አባዬ። ያቺ አስተማሪ ናት። እኔ ነኝ ያጋለጥኳት፤ ዛሬ ጠዋት ወሰዷት።»

ሼህ ዘይኑልአቢዲን እግራቸውን ከውሃው አወጡ።

«ምን አደረግሽ፣ ልጄ» አሉ፤ «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»