ተራ መያዣ

ቆቦ ትምህርት ቤት ግቢ የእርዳታው ስንዴ ሰልፍ አጥሩን ዞሮ ነበር። የእንደራሴ ምርጫው ሰልፍ ግን ኡሙሰልማና ከፊቷ የደረደረቻቸው ሦስት ድንጋዮች ብቻ ነበሩ። ድንጋዮቹ የባሏና የሁለት ጎረቤቶቿ ተራ መያዣ ናቸው። «ቅደሚ፣ አረፍ ብለን እንደርስብሻለን» ብለዋት፣ ረሃቡ አቅም ነሥቷቸው ዋጃ መንገድ ዳር ከግራር ሥር ቀርተዋል።

«እታለም፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው፣ እንዘጋለን። ግቢና ምረጪ» አላት አስመራጩ።

«እነሱ ይቀድሙኛል።»

«ድንጋይ ይመርጣል እንዴ?»

«ሰዎቹ ይመጣሉ፣ ኢንሻ አላህ። የውኃ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ ያለውን ሰውዬ ልንመርጥ ተማምለን ነው የወጣነው።»

አስመራጩ ሳጥኑን ሊያሽግ ተነሣ። ኡሙሰልማ መንገዱን አየች፤ ማንም የለም። ገብታ መረጠች። ስትወጣ ድንጋዮቹን በነጠላዋ ቋጥራ ወደ ስንዴው ሰልፍ ሄደች፤ ከመጨረሻው ሰው ኋላ አንድ በአንድ ደረደረቻቸውና እሷም ከኋላቸው ቆመች።