የአለቃው መቀመጫ

አለቃ ሳላምቦንጎ ከመቀመጫው ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም። ከየትስ ያመጣል?

መቀመጫው ቁራጭ ቁርበት ነው። ኦካፒ የሚባለው፣ ታፋው እንደ ሜዳ አህያ መስመር ያለው የጫካ እንስሳ ነው፤ ጥቁርና ነጭ መስመሩ ከሩቅ ያበራል። «በሃያ ዓመቴ ኢቱሪ ጫካ ገብቼ በአንድ ጦር የጣልኩት» ይላል፤ መንደሩ ይህንን ሲሰማ አርባ ዓመቱ ነው። ማንም አይቀመጥበትም፣ ማንም አይነካውም።

«ፍየል ላይ የሚቀመጥ ደግሞ ወንድ ነው?» እያለ ሽማግሌዎቹን ያዋርዳቸዋል። እነሱም የፍየል ቁርበታቸውን አንጥፈው ይቀመጣሉ። ችሎት ላይ ሰማዩ ከጠቆረ ፍርዱን በሁለት ቃል ጨርሶ፣ ቁርበቱን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይሮጣል። በዝናብ ወራት ስንቱ ሰው ሳይሰማለት ተፈርዶበታል!

ሚስቱ ማሲካ በዛፍ ቅርፊት ጨርቅ ላይ ሥዕል ስትስል የምትውል ሴት ናት። ጣቶቿ ከጫካ ፍሬ ጭማቂ የተነሳ ጠቁረው ቀርተዋል። «ይቺ ጥፍረ ጥቁር» ነው የሚላት፣ ያውም በሰው ፊት።

አንድ ቀን የጫካ ጠባቂው ሙሂንዶ ወሬው ደርሶት በክፍት መኪና መጣ። የኦካፒ ቁርበት የተገኘበት ሰው እስር ቤት እንደሚወርድ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

«ቤታችን ኦካፒ የሚባል ነገር የለም!» አለች ማሲካ፣ መኪናው ገና ሳይቆም።

ሙሂንዶ ሳቀ። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው፣ እማማ። አለቃ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ይሄ ምንድን ነው?» አለ ወደ ቁርበቱ እየጠቆመ።

«ንገረው እንጂ አንተ ሰውዬ! ልትታሰር ነው እኮ!» አለች ማሲካ ባሏን።

መንደሩ ተሰብስቦ ያያል። ሽማግሌዎቹ ከየፍየል ቁርበታቸው ላይ አንገታቸውን አስግገዋል።

«ዝም በይ፣ አንቺ ውሸታም!» ብሎ ጮኸባት ሳላምቦንጎ። ደረቱን ነፋ። «ኦካፒ ነው። የገደልኩትም እኔ ነኝ። ና እሰረኝ!»

አይ ጅል! አለ ሰው ሁሉ በሆዱ። ሚስት ዋሽታ ልታድነው ስትንደፋደፍ፣ እሱ በጉራው ራሱን ያሳስራል። ማሲካ መሬት ላይ ተዘርፍጣ አለቀሰች።

መኪናው አለቃውን ጭኖ ከመንደሩ እንደወጣ ዝናቡ ወረደ። ቁርበቱ ሙሂንዶ ጉልበት ላይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሱሪው በጥቁር ውሃ ተነከረ። ቁርበቱን በመዳፉ ጠረግ ሲያደርገው መስመሩም አብሮ ተጠረገ። ቀና ብሎ አለቃውን አየው።

«ልጄ፣ ስለ እግዜር ብለህ» አለ ሳላምቦንጎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስሩን እችለዋለሁ፤ ፍየል መሆኑን ግን ለመንደሩ እንዳትነግርብኝ።»