የእማዬ ወንበር

አናጢው የእናቱን ወንበር በብርጭቆ ወረቀት ልጎ፣ የተልባ ዘይት አጥግቦ፣ ቫርኒሹን ሲደራርብበት ከረመ። ዝንብ ብታርፍበት አዳልጧት ወገቧ ይሰበር ነበር፤ ፀሐይም ፊቷን ልታይበት በመስኮት ሳትሽቀዳደም አልቀረችም።

«ነይ እማዬ፣ ንግሥት ብትለምነኝ የማልሰጣትን ወንበር ሠርቼልሻለሁ» አለና እጇን ይዞ አስቀመጣት።

ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ አሮጊቷ የምታየው በጣቷ ነበር። የእጅ መደገፊያውን ዳበሰችው። ሟቹ አባቱ አጠገቧ ተቀምጦ ሲያወጋት በሰንጢ እየጫረ ሞልቶት ነበር፤ አናጢው ግን ያን ጭረት ጉድፍ መስሎት ድራሹን አጥፍቶታል። ጣቶቿ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ደግሞ ሄዱ።

«እጅህ ይባረክ፣ እንዴት ይለሰልሳል» አለችው። «ለባለቤቱ ስትመልስለት የኔን ይዘህልኝ ና። አባትህ የጫረውን።»

አናጢው የለሰለሰውን መደገፊያ በጣቱ ዳበሰው።

«ነገ» አላት።