የሚማሰል ነገር የሌለው ሻይ

ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ቅጭል ቅጭል ይላል። አባት የልጁን ሻይ እያማሰለ ነው። ልጅቷ ጉልበቱ ላይ ተቀምጣ፣ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ብርጭቆውን ታየዋለች። ቀና ብላ ደግሞ አባቷን ታየዋለች።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የምታማስለው?»

እጁ ቀጥ ይላል። እውነቷን ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ከሻይ በቀር ምንም የለም። ስኳሩን ትናንት ማታ እናትየው ከጠረጴዛው ላይ አንስታ፣ ወዲያ ማዶ ከሚታየው ቁም ሣጥን አናት፣ ከተጣጠፈው ብርድ ልብስ ኋላ ወሽቃዋለች። እጁ ግን ይህን አልሰማም። እንደለመደው ማንኪያ አንስቷል።

«እንዲቀዘቅዝልሽ ነው» ይላል።

ጥርስ ሐኪም ዘንድ ልጅቷን የወሰደቻት እናት ናት፤ እሱ አውቶቡሱን እየነዳ ነበር። ሐኪሟ የጠቆሩትን መንጋጋዎች በትንሽ መስታወት አሳይታ፣ እናንተ ፊቷ እያጣፈጣችሁ እሷን ብቻ ብትከለክሉ በጄ አትላችሁም፣ ቤቱ በሙሉ ይተው ብላለች። እናትየው ይህን ስትነግረው አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይቀለው ነበር። ልጅቷ ሌሊት ጉንጯን ይዛ እንደምታለቅስም የነገረችው ያኔ ነው። እሱማ አይሰማም፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ሲያዞር ውሎ ገብቶ እንደ ግንድ ነው የሚጋደመው።

እሺ ብሏል። ምን ይላል ሌላ?

ግን ከዚህች ጠረጴዛ በቀር ከልጁ ጋር የሚገናኝበት ቦታ የለውም። ማታ ሲመለስ ተኝታ ነው የሚያገኛት። ያላቸው ይህች የጠዋት ሻይ ናት። እሱ ስኳር ይጨምራል፣ እሷ ገና ነው ትለዋለች፤ እናትየው እንዳታይ በክንዱ ከልሎ ይደግምላታል። ከዚያ ሁለቱም ጎንበስ ብለው፣ ስኳሩ እየተሽከረከረ ሲሟሟና የተረፈው ከሥር እንደ አሸዋ ሲጠራቀም ያያሉ። ያንን በማንኪያ ዝቃ ትልሳለች። ሌላ ማቀማጠያ አያውቅም። ተረት ቢጀምር መሐል ላይ ይጠፋበታል፣ ዘፈኑንማ ራሷም አቁም ብላዋለች።

እናት የተቀቀለ እንቁላልና የተላጠ ሙዝ ታስቀምጣለች። ዳቦው ዛሬ ማርማላታ አልነካውም። የራሷን ሻይ ቆማ ፉት ትላለች፤ መረራትም አልመረራትም ፊቷ አይናገርም። እሱ የራሱን ገና አልደፈረውም። የወትሮ ሻዩን መናኸሪያ ውስጥ ሾፌሮቹ ሽሮፕ ነው የሚሉት፤ አንተ ሻይህን በሹካ ነው የምትበላው እያሉ ይስቁበታል።

ልጅቷ ከንፈሯን ብርጭቆው ላይ ታሳርፋለች። ወዲያው ትመልሰዋለች። አታለቅስም። ብርጭቆውን በአንድ ጣቷ ከፊቷ ገፋ ታደርገዋለች።

«ወራጅ አለ።»

ይህ የሁለቱ ጨዋታ ነው። እሱ ሾፌር፣ እሷ ረዳት። ጠጥታ ስትጨርስ እንዲህ ብላ ከጉልበቱ ትንሸራተታለች። ግን ጠጥታ ስትጨርስ ነው እንጂ እንዲህ እስከ አፉ በሞላ ብርጭቆ አይደለም።

«ፌርማታ አልደረስንም እኮ፣ ረዳት።»

«እኔ እዚህ እወርዳለሁ።»

አንድ እግሯ ወለሉን ነክቷል። ጉልበቱ ላይ የነበረው ሙቀቷ ከአሁኑ ሲለቀው ይታወቀዋል። ነገም እንዲህ ልትወርድ ነው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ጭራሽ ላትወጣ። ዓይኑ ወደ ቁም ሣጥኑ ይሄዳል። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ እያጠበች ነው። ግማሽ ማንኪያ ብቻ። ግማሽ ማንኪያ ማንን ገደለ? ወንበሩ ሲጥ ይላል።

«ብርድ ልብስ ፈለግክ እንዴ የኔ ጌታ?» ትላለች እናት ሳትዞር። «በዚህ ሙቀት?»

የተነሳውን ያህል ይቀመጣል።

ሌላ ብልሃት አይመጣለትም። የልጅቷን ብርጭቆ ያነሳና፣ ዓይኑን ጨፍኖ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው፣ አንድ ትልቅ ጉንጭ ይጎነጫል። ፊቱ ጭምድድ ይላል። ቅንድቦቹ መሐል ላይ ይገጥማሉ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይሸበሸባል፣ የግራ ዓይኑ ጭራሹን ይጠፋል።

ልጅቷ አንድ እግሯ እንደተንጠለጠለ ቆማ ታየዋለች። የአባቷ ፊት እንዲህ መሆን እንደሚችል አታውቅም ነበር።

«መረረህ?»

አይ፣ ይጣፍጣል ሊል ነበር። አፉ እምቢ አለው።

«በጣም።»

«ታዲያ ለምን ጠጣኸው?»

ስለ ጥርስ ሊነግራት ያስባል። ስለ ሐኪሟ፣ ስለ ትንሿ መስታወት። ያንን ሁሉ ግን እናቷ ነግራታለች፤ ከእናቷም በላይ ጥርሷ ራሱ ሌሊት ሌሊት ነግሯታል።

«ብቻሽን እንዳትጠጪው ብዬ» ይላል።

ልጅቷ ታስባለች። ሳትቸኩል፣ ልክ ትልቅ ሰው ጉዳይ ሲያመዛዝን እንደሚያደርገው፣ ከንፈሯን አሞጥሙጣ ታስባለች። ከዚያ የወረደውን እግሯን ትሰበስብና፣ ክንዱን ተደግፋ ተመልሳ ትወጣለች። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ትይዘዋለች።

«አንተም የራስህን» ትለዋለች።

የራሱን ያነሳል። አብረው ይጎነጫሉ።

እናት እጇን በፎጣ እያደራረቀች ዞር ስትል፣ ሁለቱም አፋቸው ሙሉ ነው፤ ገና አልዋጡትም። የገጠመ ቅንድብ፣ የተሸበሸበ አፍንጫ፣ ትልቁም ትንሹም ያው ነው። የጠፋው ዓይን እንኳ የሁለቱም የግራው ነው።