የወረቀቱ የታችኛው ግማሽ

«ይሄን የፈረመው ማነው?»

ስምንት ተማሪዎች በአንዴ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ...

ፕሮፌሰሯ የዘጠኝ ቁጥር አልጋውን በሽተኛ ካርድ የያዙት እንደ ሌባ ጆሮ ነው።

«ግሉኮሱ ይቁም» ይላል ጽሑፉ። ከሥሩ ፊርማ አለ... ሺህ ጊዜ ከመፈረሙ የተነሳ ሳይታሰብ የሚወጣ ዓይነት።

ከኋላ አንድ እጅ ተነሳ።

«እኔ ነኝ፣ ፕሮፌሰር።»

ጋሼ ነው።

ስሙ አይደለም፤ የክፍል ጓደኞቹ ያወጡለት ነው። እነሱ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመታቸው ነው። እሱ አርባ ሦስት።

ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ አሥራ ሰባት ዓመት በጤና መኮንንነት ሠርቷል። አዋልዷል፣ ሰፍቷል፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልኳል። ከዚያ አንድ ቀን ተነስቶ «ሕክምና ልማር» አለ።

ዘመድ ሁሉ «አበደ» አለ።

ባለቤቱ ግን «መነጽርህን እንዳትረሳ» ነው ያለችው።

ይኸው አራተኛ ዓመቱ። ቤት ውስጥ አንዱን ጠረጴዛ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጁ ጋር ተካፍሎ ያጠናል። «አባዬ፣ እስክሪብቶዬን መልስ» ትለዋለች። ክፍል ውስጥ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ የሚለየውን በሽታ በማያውቀው ስም ይጠይቁታል። ልጆቹ አንዴ አንብበው ይይዙታል... እሱ ሦስቴ አንብቦ ወገቡን ይይዛል።

«ማን ፈቀደልህ?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«ማንም። ጠዋት ሳያቸው ትንፋሽ አጥሯቸዋል፤ ግሉኮሱ በዝቶባቸው ሳንባቸው ውሃ እየቋጠረ ነው። ለሐኪም መንገር ነበረብኝ... እጄ ቀደመኝ።»

«እጅህ ተማሪ መሆኑን አልሰማም?»

ሁለት ልጆች ሳቃቸውን ዋጡ።

«በሽተኛው እንዴት ናቸው?» ነርሷን ጠየቁ።

«ቀለል ብሏቸዋል። እኔ እኮ... ሽበቱን ሳይ ስፔሻሊስት መስሎኝ ነው ግሉኮሱን የነቀልኩት።»

አሁን ሁሉም ሳቀ። ፕሮፌሰሯ ብቻ አልሳቁም። ፊርማውን አተኩረው ያዩት ነበር።

«ከሰዓት ቢሮዬ ና።»

ተማሪ በበሽተኛ ካርድ ላይ ትዕዛዝ ከፈረመ ቅጣቱ እስከ መባረር ይደርሳል። የድሮ ወንበሩ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ተቀምጦበታል። የሚመለስበት ቦታ የለውም።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ባለቤቱ ጋ ደወለ።

«ትምህርቱን ጨረስኩ መሰለኝ።»

«ተመረቅህ?»

«ልባረር ነው።»



«ምሳ በላህ?»

ከሰዓት ቢሮ ገባ። ፕሮፌሰሯ ቀና ሳይሉ ጠየቁት።

«ለምን መጣህ?»

«ና ብለውኝ...»

«ወደ ትምህርቱ ነው የምልህ። በዚህ ዕድሜ።»

ለመግቢያ ፈተና የሸመደዳት ያማረች መልስ ነበረችው። ድካሙ ግን እሷን እንኳ ለመድገም አላስቻለውም። እውነቱን ተናገረ።

«የሪፈር ወረቀት ሁለት ግማሽ አለው፣ ፕሮፌሰር። የላይኛውን እኔ ሞልቼ ከበሽተኛው ጋር እልካለሁ። የታችኛውን እናንተ ሞልታችሁ፣ ቀድዳችሁ ትመልሱልኛላችሁ... ምን እንዳገኛችሁ፣ እኔ የቱ ጋ እንደሳትኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ላክሁ። አንድም አልተመለሰ።»

ፕሮፌሰሯ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«የላክሁት ሰው ይዳን ይሙት አላውቅም። ገበያ መሃል የማውቀው ፊት ሳይ ነው ‹እፎይ፣ ይሄኛውስ ድኗል› የምለው። የሚነግረኝ ሳጣ... ራሴ ሄጄ ልየው አልኩ።»



ፕሮፌሰሯ የመጨረሻውን መሳቢያ ሳቡ። ከሥር የወየበ ወረቀት አወጡና ከጠዋቱ ካርድ ጎን አስቀመጡት።

አንድ ፊርማ። ሁለት ወረቀት።

«ወጣት ሐኪም ሳለሁ ያንተ በሽተኞች እኔ ጋ ነበር የሚደርሱት። ሁሌ ከወረቀቱ ጥግ ‹እባካችሁ ያገኛችሁትን ጻፉልኝ፣ ለሚቀጥለው እንድማር› ትል ነበር። ነገ እጽፋለሁ እያልኩ አንድም አልመለስኩልህ። ይቺን ግን መጣል አቃተኝ።»

ጋሼ መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈችውን በሽተኛ አወቃት። ሆዷ እንደ ድንጋይ የጠጠረባት መምህርት ናት። ‹ሳላውቅ አዘግይቻት ይሆን?› እያለ ስንት ዓመት የተገላበጠባት...

ፕሮፌሰሯ የታችኛውን ግማሽ ሞሉ። አሥራ አራት ዓመት ዘግይተው። ፈረሙ፣ ቀደዱ፣ ሰጡት።

«ሞታለች። የጻፍከው ትክክል ነበር። በሰዓቱ ነው የላክሃት። ኮሪደር ላይ ስድስት ሰዓት ያቆየናት እኛ ነን።»

ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በጋውኑ ጠረገ... መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር።

«የዛሬው ጥፋትህ ግን ጥፋት ነው» አሉ ፕሮፌሰሯ። «የዚህን የሕሙማን ክፍል ልምምድ እንደ አዲስ ትደግመዋለህ። ስምንት ሳምንት።»

«አልተባረርኩም?»

«እጅህ ተባርሯል። ስትመረቅ ይመለሳል። እስከዚያ ከየጤና ጣቢያው የመጡትን የሪፈር ወረቀቶች ታመጣለህ፤ የታችኛውን ግማሽ አንተ ትጽፋለህ፣ እኔ እፈርማለሁ። አንድ እንዳይቀር።»

ወጥቶ ደወለ።

«እህሳ?» አለች ባለቤቱ።

«ስምንት ሳምንት ተጨመረብኝ።»

«ምነው ድምፅህ ደስ ያለው ሰው መሰለ?»

«...ምሳ ልበላ ነው።»

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ሰው ሸክም ይችላል። ጉልበቱን የሚጨርሰው የላከው ነገር ይድረስ አይድረስ የሚነግረው ማጣት ነው። «አይቼዋለሁ፣ ደርሶኛል» ለማለት ደግሞ አንድ መስመር ይበቃል፤ ቢዘገይም።

እስቲ ጠይቁ ራሳችሁን... መሳቢያችሁ ውስጥ መልስ ሳትሰጡት የቀረ የማን ወረቀት አለ? ዛሬ ብትሞሉለት ምን ትሉታላችሁ?

የታችኛው ግማሽ ባዶ ነው። ጻፉበት።