የሸክላው አባወራ

አባባ የሸክላውን ሰውዬ ሁለት ጊዜ ዞሩትና ሳቃቸው አመለጣቸው። «ይሄማ ጎረቤታችን ብርቅአየሁ ነው! ቁርጥ እሱ!» አሉ፤ በኖኪያቸው ፎቶ አነሱት።

ሰውዬው የእኔ ሥራ ነው። ወንበሩ ላይ ተንሰራፍቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ የምታስታጥበው ሴት ይጠብቃል። ቧንቧው ግን ጆሮው ሥር ነው። ከመጠበቅ ብዛት መዳፉ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታ ሦስት እንቁላል ጥላለች። እዚህ ስዊድን፣ ሄሰልቢ ቤተ መጻሕፍት፣ ለዐውደ ርዕይ ሲያደርሱልኝ ከመኪና ያወረዱት ሦስት ወንዶችም ሦስት ጎረቤቶቻቸውን አይተውበታል። ራሱን ያየ የለም።

ከዚያ አባባ ከሥሩ ያለውን፣ የሠሪዋ ስም የተጻፈበትን ካርድ አነበቡ፤ ሳቁ ቆመ።

«ሙፈሪሃት ሚስኪ? ሚስኪ እናትሽ አይደለችም እንዴ?»

«ናት፣ አባባ።»

«አባት የለሽም? ምነው፣ እኔ ሸኪብ ሞቻለሁ?»

«አላህ ያቆይዎት። ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስታስታጥብ የኖረችው እማ ናት። ነገሩ የእሷ ነው።»

«በይ ሰው ሳይገባ ቀይሪው! እናትሽንም ታሳፍሪያታለሽ።»

ይቺ ወጋችኝ። የእሳቸውን ቁጣ ለምጄዋለሁ። እማን የማሳፍራት ከሆነ ግን ወፏም ከነእንቁላሏ ገደል ትግባ። እጄን ወደ ካርዱ ሰደድኩ።

አባባ ተናደው መቀመጫ ፈለጉ። በአዳራሹ ያለችው አንዲት ወንበር የሸክላው ሰውዬ የተቀመጠባት ናት።

«ተይው፣ አትንኪው» አለች እማ።

እስካሁን በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። በአርባ ዓመት ትዳሯ ለጎረቤት «የሸኪብ ሚስት»፣ ለአባባ «አንቺ» ናት። ስሟ ሲጠራ የምሰማው ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ብቻ ነው።

ካርዱ ላይ ጎንበስ አለች። በስድሳ ዓመቷ ትምህርት ቤት ገብታ በለየችው የስዊድን ፊደል፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ ብላ አነበበች።

«ሚስ... ኪ።» ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔ ነኝ እኮ!» አለቻቸው አባባን።

እኔ በሰውዬውም፣ በወፏም፣ ከሁሉ በላይ በእሷ ኮራሁ።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የገቡት ስዊድናዊት አሮጊት እንቁላሎቹን አይተው በሳቅ ፈነዱ፤ ካርዱን አነበቡና ሚስኪ ማን እንደሆነች ጠየቁ። አፌን ሳልከፍት እማ ቀድማኝ ወጣች። በመጀመሪያው የትምህርት ቀን የተማረችውን፣ «ስሜ እገሌ ነው» የሚለውን ስዊድንኛ፣ ጮክ ብላ ተናገረች።

«ያግ ሄተር ሚስኪ!»